የቲመክስ ማዋቀሪያ ፋይላችሁን ራሳችሁ ጻፉት

«የነርሲንግ ተማሪ ስለ ተርሚናል ምን አገባት?» የሚል ካለ፣ መልሴ የስታትስቲክስ ኮርስ ነው። የቤት ሥራውን የምንሠራው በኤስኤስኤች የኮሌጁ ሰርቨር ውስጥ ገብተን ነው። የምኖረው ፌደራል ዌይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምሠራው በራፒድራይድ ኤ አውቶቡስ ላይ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ነው። አንድ ቀን ከቤት ጀምሬ ሁለት ሰዓት የደከምኩበት ሥራ ፓሲፊክ ሀይዌይ ላይ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ጠፋ። አላስቀመጥኩትም ነበር።

መፍትሔው ቲመክስ ነው። ኒኮላስ ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። የሚሄደው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል፤ ተመልሳችሁ ገብታችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ። ሰርቨሩ ራሱ ተዘግቶ ከተነሳ ግን ሁሉም ስለሚጠፋ ሥራችሁን ማስቀመጥ አትርሱ።

ቲመክስን እንደ ልማዳችን የምናስተካክለው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስሙ «ነጥብ ቲመክስ ነጥብ ኮንፍ» ሲሆን የሚቀመጠው በሆም ፎልደራችን ውስጥ ነው። እኔ መጀመሪያ የጓደኛዬን ረጅም ፋይል እንዳለ ገለበጥኩ። የቤት ሥራ በሚገባበት ሌሊት ቲመክስ አልታዘዝ አለኝ። ለካ ጓደኛዬ የትእዛዝ መጀመሪያውን ከኮንትሮል ቢ ወደ ኮንትሮል ኤ ቀይሮት ኖሯል! እኔ ኮንትሮል ኤን የምጠቀመው ወደ መስመር መጀመሪያ ለመመለስ ነበር። ክፍል ውስጥ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ትክክለኛውን ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የአሰጣጥ መንገድና ሰዓት እንድናረጋግጥ ያስተምሩናል። ለምን እንደሚሰጥ የማላውቀውን መድኃኒት አልሰጥም፤ ለምን እንደተጻፈ የማላውቀውን መስመር ግን ዝም ብዬ ተቀብያለሁ።

ስለዚህ ፋይሉን አጥፍቼ በጥቂት መስመር ጀመርኩ። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ አቀርባቸዋለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባሉ።

1. «ሴት ማይነስ ጂ ማውስ ኦን»። በማውስ ወደ ላይ መመለስና ክፍሎችን መምረጥ ያስችላል።

2. «ሴት ማይነስ ጂ ሂስትሪ-ሊሚት 20000»። ካልተነካ ቲመክስ የሚያስታውሰው 2000 መስመር ብቻ ነው። ረጅም ውጤት ላለው ሥራ ይህ አይበቃም። ለውጡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚከፈቱ መስኮቶች ነው።

3. «ሴት ማይነስ ጂ ቤዝ-ኢንዴክስ 1»። መስኮቶች ከ0 ይልቅ ከ1 ይቆጠራሉ። ኪቦርድ ላይ 0 ከ1 በጣም ስለሚርቅ ጣታችንን ያሳርፈዋል።

4. «ባይንድ ች ኒው-ዊንዶው»። ይህችን የጨመርኩት ለእኛ ነው። ለእማዬ በአማርኛ ስጽፍ ቆይቼ ኪቦርዱን መመለስ እረሳለሁ። አዲስ መስኮት ለመክፈት ከኮንትሮል ቢ በኋላ የሲን ቁልፍ ስነካ የሚወጣው ች ነው፤ ቲመክስም አያውቀውም። አሁን ግን ያውቀዋል። ች እንዳለች በግዕዝ ፊደል ትጻፍ። የእናንተ ኪቦርድ ሌላ ፊደል ካወጣ እሱን ተኩ። ከሥራው ለመውጣትም «ባይንድ ድ ዲታች-ክላየንት» ብላችሁ ጨምሩ።

ከእያንዳንዱ መስመር በላይ በ# ምልክት የሚጀምር ማስታወሻ ጻፉ። ቲመክስ ያልፈዋል፤ የሚያነበው ከሦስት ወር በኋላ የምትመለሱት እናንተ ናችሁ። የእኔ ማስታወሻዎች በአማርኛ ናቸው፤ አማርኛዬንም እግረ መንገዴን እለማመዳለሁ።

ፋይሉን ስትቀይሩ «ቲመክስ ሶርስ-ፋይል» ብላችሁ የፋይሉን ስም ከጨመራችሁ አዲሱ ይነበባል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ መስመር ስታጠፉ እየሄደ ያለው ቲመክስ አሮጌውን ትእዛዝ አይረሳም። ያ ትእዛዝ በግልጽ እስኪሻር ወይም ቲመክስ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እስኪነሳ ድረስ ይቆያል። ስለዚህ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ሞክሩት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የኔ ፋይል እስካሁን አስር መስመር አልሞላም። ባለፈው ሳምንት እዚያው አውቶቡስ ላይ ኢንተርኔቱ እንደገና ተቋረጠ። ላፕቶፔን ዘግቼ ወረድኩ፤ ቤተ መጻሕፍት ደርሼ ስከፍተው ሥራው እየጠበቀኝ ነበር። በርቱ!