«ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ሲባል ዋጋ ከመቀነስ በፊት

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የገዢው ዓይን ያረፈው ቀደም ብለው በገቡት ላይ ነው። ከእነዚህም መካከል ከኋላ «ኮምፕረሰር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው የመርሴዲስ ሲ ክላስ አውቶሞቢሎች ይገኙበታል። እነዚህ መኪኖች ለሽያጭ ሲቀርቡ አንድ የተለመደ ክርክር ይነሳል። የገዢው መካኒክ «ጉልበት የላትም፤ ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ይላል። ሻጩ «የአዲስ አበባ አየር ነው» ብሎ ይመልሳል። ደላላውም ልዩነቱን ለሁለት አካፍሎ ሊጨርስ ይሞክራል። ሳይለኩ በዚህ መንገድ መስማማት አንዱን ወገን ማክሰሩ አይቀርም።

በነገራችን ላይ ይህ ኮምፕረሰር ከአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር ጋር አይገናኝም። ሁለቱን አደባልቀው የሚዋዋሉ ስላሉ ከመነሻው መጠየቅ ይበጃል። እዚህ የምንናገረው በሞተሩ ቺንጋ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚገፋው ሱፐርቻርጀር ነው።

የሻጩ መልስ ከፊል እውነት አለው። በባህር ወለል ላይ የአየር ግፊት ወደ 100 ኪሎፓስካል ሲሆን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ 76 አካባቢ ነው። ቺንጋ የሚያዞረው ሱፐርቻርጀር ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ያባዛል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። እንበልና አንድ መኪና በባህር ወለል 100ውን ወደ 150 ያደርሳል፤ ጭማሪው 50 ነው። እዚህ ግን 76ቱን ወደ 114 ያደርሳል፤ ጭማሪው 38 ብቻ ነው። መኪናው ጤነኛ ነው።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የምርመራ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ጠቅላላውን ግፊት፣ ማለትም 114ን ነው። መካኒኩ ከዚህ ላይ የአዲስ አበባን 76 በመቀነስ ፈንታ የባህር ወለሉን 100 ከቀነሰ 14 ብቻ ያገኝና ጤነኛውን ዕቃ ሞቷል ይላል። መከላከያው ቀላል ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ግፊቱ ይነበብ። 76 አካባቢ ካለ መነሻው እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ 100 የሚል ከሆነ የተበላሸው የግፊት ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል። ለሙከራ ዳገት ሲመረጥም እንጦጦ ጫፍ ድረስ አይወጣ፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግፊቱ እንደገና ስለሚወርድ ንባቡ ያሳስታል።

ስሌቱ ተስተካክሎም ጉድለት ከታየ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ባይፓስ ቫልቩ ነው። መኪናው ዝግ ብሎ ሲሄድ ይህ ቫልቭ ተከፍቶ የታመቀውን አየር ወደ ሱፐርቻርጀሩ መግቢያ ይመልሰዋል፤ ሞተሩ ያለ ሥራ እንዳይደክምና ነዳጅ እንዳይባክን ነው። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ይዘጋል፤ አየሩም በሙሉ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በዘይትና በጥላሸት ተጣብቆ በግማሽ እንደተከፈተ ከቀረ አየሩ እዚያው እየዞረ ይቀራል። መኪናው አይጮህም፣ አያጨስም፤ ነገር ግን እንደ ተራ ትንሽ ሞተር ይጎተታል። ሱፐርቻርጀሩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ «ሞተ» የሚባለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

በመርሴዲስ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ላይ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በመሆኑ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ኮድ ይተዋል። ነገር ግን ሻጭ ከገዢው መምጣት በፊት ኮዱን ሊያጠፋ ይችላል። ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራ ገና እንዳልጨረሰ ካሳየ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው፤ ደህና ርቀት ተነድቶ እንደገና ይነበብ። በመጀመሪያው ትውልድ ሚኒ ኩፐር ኤስ ላይ ግን ቫልቩን የሚከፍተው ቫኪዩም፣ የሚዘጋው ደግሞ ስፕሪንግ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ክንዱ መንቀሳቀስ አለበት፤ ነዳጅ ድንገት ሲሰጥም መመለስ አለበት። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዲያፍራሙ ቢቀደድ ስፕሪንጉ ቫልቩን ዘግቶ ስለሚይዘው ጉልበት አይቀንስም፤ የሚመጣው ጩኸት፣ መንገጫገጭና የነዳጅ ብክነት ነው። ስለዚህ የጉልበት ማነስን በተቀደደ ዲያፍራም የሚያሳብብ መካኒክ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ይነገረው።

ከዚያ በፊት ግን በርካሽ የሚታዩት ይታዩ፦ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚንሸራተት ቺንጋና የላላ መወጠሪያው፣ ከሱፐርቻርጀሩ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄዱ የተሰነጠቁ የጎማ ቱቦዎችና የላሉ ማሰሪያዎቻቸው። ቱቦው ጫና ሲበዛበት ብቻ ስለሚከፈት በዓይን ላይታይ ይችላል፤ አየር ተሞልቶ በሳሙና ውኃ መፈተሽ ይሻላል። ሱፐርቻርጀሩ ራሱ የሚወቀሰው እነዚህ ሁሉ ታይተው፣ በተለይም ከኩሽኔታው የማፋጨት ድምፅ ሲሰማ ወይም ዘይት ሲያፈስ ነው።

ሻጭና ገዢ ቀብድ ከመቀባበላቸው በፊት ሁለት ቁጥር በወረቀት ይስፈር፦ ሞተሩ ሳይነሳ የተነበበው ግፊትና ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተረግጦ የተነበበው ግፊት፣ ከቀኑና ከተለካበት ቦታ ጋር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ለዚያ ሞተር ፋብሪካው ካስቀመጠው እጥፍ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ በኮምፕረሰር ስም ዋጋ የሚቀነስበት ምክንያት የለም።