ለጋዜጦች ማርክ የሚሰጠው ማነው?

እንደሚታወቀው እኛ ዕጩ መምህራን ስለ ፈተና አወጣጥና አስተራረም ብዙ እንማራለን። ዛሬ የምናነሳው ግን የተማሪ ሳይሆን የጋዜጣ ማርክ ነው፤ ይኸውም በኢንተርኔት የሚወጡ ጋዜጦች ሐሰት ያሰራጫሉ ወይስ አያሰራጩም ተብለው እየተመዘኑ የማስታወቂያ ገቢያቸው የሚነካበት አሠራር ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሄድ እንይ። በኢንተርኔት ላይ ሳሙና ሻጩ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ከጋዜጣው ጋር ፊት ለፊት አይዋዋልም። አንባቢው ገጹን ሲከፍት፣ ገና ተከፍቶ ሳያልቅ፣ የማስታወቂያው ቦታ በኮምፒዩተር ለጨረታ ይቀርብና ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሸጣል። ታዲያ ሳሙና ሻጩ ማስታወቂያው የት እንደወደቀ እንኳ ላያውቅ ይችላል። በዚህም ሳቢያ ውሸት የሚነዛ ገጽ የታወቀ ኩባንያ ገንዘብ ሲበላ ይገኛል። ችግሩ እንዲያው የተፈጠረ ወሬ አይደለም።

መፍትሔ እናመጣለን ብለው ከተነሱት መካከል በ2018 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋሙ ሁለት ድርጅቶች አሉ። የአሜሪካው ኒውስጋርድ በ9 መመዘኛዎች ከ100 ያርማል፤ ሐሰትን ደጋግሞ አለማተም ብቻውን 22 ነጥብ አለው፤ ስሕተትን ማረም፣ ዜናን ከአስተያየት መለየት፣ ባለቤትን መግለጽ የየራሳቸው ነጥብ አላቸው። የነጥቡንም ምክንያት ጽፎ ያወጣል። የእንግሊዙ ግሎባል ዲስኢንፎርሜሽን ኢንዴክስ ደግሞ መገለል አለባቸው የሚላቸውን ገጾች ዝርዝር ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይሰጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን ለሕዝብ አይወጣም።

አንኸርድ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በኤፕሪል 2024 እንዳተመው፣ የማስታወቂያ ገቢው ከሚጠበቀው እጅግ አንሶ ምክንያቱ ሲጠየቅ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተገኘ። እንደገና ይታይልኝ ቢልም ፍርዱ አልተለወጠም፤ የተጠቀሱበትም ስለ ጾታ ጉዳይ የሚጽፉ አምደኞቹ ነበሩ። ኒውስጋርድ በበኩሉ ለዚሁ ጋዜጣ 92.5 ሰጥቶት ነበር! አንድ ወረቀት፣ ሁለት አራሚ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ግሎባል ዲስኢንፎርሜሽን ኢንዴክስ ሐሰት የሚለው የተሳሳተ መረጃን ብቻ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ እውነት ቢሆኑም አንባቢን ለማሳሳትና በሌላው ላይ ለማነሣሣት ከተደረደሩ ይቆጥራቸዋል። በእውነተኛ ቃል ማሳሳት እንደሚቻል እኛም አንክድም። ነገር ግን እዚህ ላይ እርማቱ እውነትና ሐሰት ከሚባለው ፈተና ወጥቶ ድርሰት ወደ ማረም ይሻገራል። መምህሮቻችን የማረሚያ መመሪያውን አስቀድማችሁ ጻፉ እያሉ የሚወተውቱን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው እኮ!

በፌብሩዋሪ 2023፣ በአሜሪካ ስለ ዝርዝሩ ብዙ ከተጻፈ በኋላ፣ የማይክሮሶፍት ማስታወቂያ ክፍል የነበረው ዛንደር በዝርዝሩ መጠቀሙን አቆመ።

ከመካከላችን «ኩባንያው በገዛ ገንዘቡ የፈለገበት ቢያስተዋውቅ ምን አገባችሁ?» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ መብቱ ነው። ግን ብዙውን ጊዜ ጋዜጣውን አንብቦ የወሰነው እሱ አይደለም፤ ሌላ ሰው በሰጠው ማርክ ኮምፒዩተሩ ይዘላል። አንኸርድ ጮኾ ተሰማለት። ዝርዝር ውስጥ መግባቱን የማያውቀው ትንሽ ጋዜጣስ? ኒውስጋርድ ዝቅተኛ ማርክ ከማውጣቱ በፊት ለአዘጋጁ ደውሎ መልሱን ይጠይቃል፤ እኛ ቢያንስ ይህን ያህል ለሁሉም ጋዜጣ ይደረግ እንላለን።