ተሸሽጎ የተረሳው ልጅ

ለወላጆች፥ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለልጆች የተዘጋጀ ትምህርት። አስቀድመው የሚነበቡት ክፍሎች፤ 1ኛ ሳሙኤል 16፥1–13፤ ማቴዎስ 11፥16–19፤ ሉቃስ 15፤ የሐዋርያት ሥራ 6፥1–6።

ስለ ጸሎት፥ ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት ብዙ ተጽፎላችኋል። ስለ ልጆች ጨዋታ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ብዙ ሰዎች ጨዋታን የሥራ ፈት ነገር አድርገው ስለሚቈጥሩት፥ ከክርስቲያን ምግባር ጋራ ምን ግንኙነት አለው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ በተናገረ ጊዜ፥ እግዚአብሔር የጐበኛት ከተማ በምን እንደምትታወቅ ሲገልጥ፥ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌዎች በአደባባይዋ ሲቀመጡ፥ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በዚያው ሲጫወቱ አሳይቷል (ዘካ. 8፥4–5)። ጌታችንም በገበያ የሚጫወቱትን ልጆች ጨዋታ ለትምህርቱ ምሳሌ አደረገው። ልብ ብሎ ያልተመለከተውን ነገር ምሳሌ ባላደረገው ነበር።

በራያ ቆላ፥ በቆቦ ዙሪያ፥ የልጆች ጨዋታ የሚደምቀው በምሽት ነው። በቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሥራም አለ። ፀሐይ በስተ ምዕራብ ከላስታ ተራራ ኋላ ስትገባ፥ በስተ ምሥራቅም የዞብል ተራራ ሲጠቍር፥ ያን ጊዜ ልጆች በየደጁ ይሰበሰባሉ። አንዱ የጨርቅ ኳስ ያመጣል፤ ሴቶች ልጆች ጠጠር ለቅመው ቅልልቦሽ ይይዛሉ። ጨረቃ የወጣች እንደ ሆነ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው አኩኩሉ ነው። የዚህን ጨዋታ ሥርዓት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም፤ ሆኖም ለትምህርታችን ስለሚያስፈልግ እንናገረው። አንዱ ፈላጊ ይሆንና ዓይኑን ይሸፍናል፤ እንደ አውራ ዶሮም አኩኩሉ ብሎ ይጮኻል። የሚሸሸጉት ስፍራ እስኪያገኙ ድረስ አልነጋም እያሉ ይመልሱለታል። ሁሉ ከተሸሸጉ በኋላ ነጋ ይባላል፤ ፈላጊውም ዓይኑን ገልጦ ይነሣል።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ የዚያ አገር ገበሬ ስለ ልጁ የነገረን ነገር ነው። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ፤ አካሉ ትንሽ፥ ንግግሩም ቀስ ያለ። የማሽላው አጨዳ አልቆ አገዳው በየደጁ ተከምሮ ነበርና፥ ልጁ ከክምሩ ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ያገኘ ልጅ የሚሰማውን ደስታ ሁላችን እናስታውሳለን። ፈላጊው አንድ ጊዜ በአጠገቡ አልፎ ሳያየው ሄደ፤ ልጁም አፉን በእጁ ይዞ ሳቁን ዋጠ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተገኙ። በዚህ መካከል አንዲት ላም ገመዷን በጥሳ ሮጠችና ልጆቹ ሁሉ እርስዋን ለመመለስ ተከተሏት። ከዚያም እናቶች ለራት ተጣሩ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ልጁ ግን ጨዋታው ያላለቀ መስሎት በአገዳው ውስጥ ቀረ። በመጀመሪያ ኰራ፤ ቀጥሎ ጠረጠረ፤ በመጨረሻም የሚፈልገው እንደሌለ ዐወቀ። ሆኖም አልወጣም፤ ሳይፈለግ መውጣት አሳፍሮታልና። ጅብ እስኪጮኽ ድረስ እዚያው ቈየ። ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ አባቱ ስለ ማምሸቱ መታው፤ ወዴት እንደ ነበረ ግን አልጠየቀውም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ለብዙ ሳምንት ወደ ጨዋታ አልወጣም፤ ስለ ምን ብለው ቢጠይቁትም ጨዋታ አልወድም ይል ነበር።

እንግዲህ በዚህ ነገር የበደለ ማን ነው? ፈላጊው ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ላሚቱም ጥፋት የለባትም። ልጆቹ ቢጠየቁ ረሳነው ይላሉ፤ ነገሩም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተረሳ ሰው ቍስል ከተመታ ሰው ቍስል የቀለለ መስሎ የሚታየን እኛ ስላልቈሰልን ብቻ ነው። የሚመታህ ሰው ቢያንስ አይቶሃል፤ በዚያ ስፍራ እንዳለህም መስክሮልሃል። የረሳህ ግን ባትኖር ኖሮ ያደርገው የነበረውን ያንኑ አድርጎ ሄዷል። ልጁ ከአባቱ በትር ይልቅ የአገዳውን ክምር ያሰበው ስለዚህ ነው።

በባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረውታል። ኪፕሊንግ ዊልያምስ የሚባል የሰውን ጠባይ የሚመረምር መምህር አንድ ቀን በመናፈሻ ሳለ፥ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚወራወሩት ጠፍጣፋ መጫወቻ ወደ እርሱ መጣ። መልሶ ወረወረላቸው፤ ጥቂትም አብረው ተጫወቱ። ኋላ ግን ምንም ሳይናገሩ እርሱን ትተው እርስ በርሳቸው ብቻ ይወራወሩ ጀመር። የማያውቃቸው ሰዎች ስለ ተዉት ይህን ያህል ማዘኑ አስደነቀውና፥ ኳስ በመወራወር ጨዋታ ሌሎችን ይመረምር ጀመረ። በ2003 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከባልደረቦቹ ጋራ ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከእንዲህ ያለ ጨዋታ የተተወ ሰው በአንጎሉ ውስጥ የሚነቃው ክፍል አካል ሲታመም ከሚነቃው ጋራ የሚመሳሰል ሆኖ መገኘቱን ገለጡ። ከዚያም በኋላ በተደረገ ምርመራ፥ ኳሱን የሚወረውረው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር እንደ ሆነ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች እንኳ በመተዋቸው አዘኑ። እንግዲህ ለማይተነፍስ ዕቃ እንዲህ ከሆነ፥ በአንድ ደጅ አብሮ ላደገ ጓደኛማ እንዴት ይሆን!

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም በመጣ ጊዜ፥ እሴይ ሰባቱን ልጆቹን በፊቱ አሳለፈ። ስምንተኛው አልተጠራም። አባቱ ጠልቶት ነው የሚል ቃል በመጽሐፉ የለም፤ በጎች ነበሩና ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል። ዳዊት የተረሳው የማይረባ ስለ ሆነ ሳይሆን የሚረባ ስለ ሆነ ነው። ይህ ነገር በቤታችን ዕለት ዕለት ይደረጋል። ሳሙኤል ግን ልጆችህ እነዚህ ብቻ ናቸውን ብሎ ጠየቀ፤ የቀረውም እስኪመጣ ድረስ ወደ ማዕድ እንደማይቀርብ ተናገረ። የከተማው ሽማግሌዎች ሁሉ አንድን እረኛ ልጅ ጠበቁ።

በቆቦ ሜዳ፥ በጎብዬና በሮቢትም፥ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና ይወርዳል። ገበሬው በእርሻው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ በማማውም ላይ ልጅ ይወጣል። ወንጭፉን ይዞ ከወፎቹ ጋራ ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮኽ ይውላል፤ ወፍ እረፍት አትሰጥምና። ማማው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከዚያ ላይ ሆኖ ሌሎች ልጆች በሜዳ ሲጫወቱ ያያል፤ እነርሱ ግን ቀና ብለው አያዩትም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በራያ በወረደ ጊዜ፥ ሽማግሌና ሴት ሳይቀር ሁሉ ወደ እርሻው ወጥቶ አብሮ ጮኸ። በግሪሳው ላይ ግን በየዓመቱ የሚጮኸው ልጅ ብቻውን ነው፤ ለምዶታል ይባላል። እናንተ አባቶች ሆይ፤ ማሽላው እንዲጠበቅ ያስፈልጋል፤ በረኃብ የተፈተነ አገር ይህን አይክድም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ወንጭፉን ከልጁ እጅ ተቀብላችሁ፥ ውረድና ተጫወት ብትሉት ምን ይጐድልባችኋል? እንዲያውም እናንተ ራሳችሁ ከማማው ላይ ሆናችሁ የምታዩት ነገር ይኖራል። ልጅ የመጫወትና የማረፍ መብት እንዳለው መንግሥታት በ1989 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ባጸደቁት የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ተጽፏል፤ ኢትዮጵያም በ1991 ይህን ስምምነት ተቀብላለች። እኛ ክርስቲያኖች ግን የመንግሥታት ውል እስኪያስገድደን መጠበቅ አይገባንም።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ ነገር እንናገር። በነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በቆቦ የሶለል ጨዋታ ይጀመራል፤ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በትግራይም አሸንዳ የሚባለው ነው። ሴቶች ልጆች ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ ለምለሙን ረዥም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፥ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ሰውም ስጦታ ይሰጣቸዋል። የዚህች አገር ሴት ልጅ ዓመቱን ሁሉ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ከርማ፥ ሁሉ ቆሞ የሚያያት በእነዚህ ቀኖች ነው። እናቷ የሞተባት ልጅ ግን ጠጕሯን የሚሠራላት ማን ነው? ልብስ የሌላት ልጅ ከበሩ ኋላ ሆና የከበሮውን ድምፅ ትሰማለች፤ ጓደኞቿም በደጇ ሲያልፉ የታመመች መስሏቸው ያልፋሉ። እናቶች ሆይ፤ ለልጃችሁ ጠጕር ለመሥራት በተቀመጣችሁ ጊዜ፥ በአጥሩ ላይ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ የጎረቤታችሁን ደጅ ተመልከቱ። አንድ ጠጕር መሥራት ከሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው።

ደግሞም ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ በደረሰ ጊዜ፥ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፥ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ትቶ ተሰዷል። ልጆቻቸው በማያውቁት ከተማ በሰው ደጅ ቆመው፥ የማያውቁትን ጨዋታ ዳር ሆነው አይተዋል። ከእነዚህ ልጆች አንዱን ስሙ ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ልጅ ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ምናልባትም ራሱ አያውቀውም።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። ተረሳሁ የሚል ሁሉ የተረሳ አይደለም። በጌታችን ምሳሌ ያሉት ልጆች ባልንጀሮቻቸውን በዋሽንት ጠሯቸው፥ እነዚያ አልዘፈኑም፤ በልቅሶም ጠሯቸው፥ እነዚያ አላለቀሱም። የሠርጉንም የኀዘኑንም ጨዋታ እምቢ ካሉ፥ ዳር የቀሩት ስለ ተተዉ ሳይሆን ስላልፈቀዱ ነው። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድምም አንድ ጠቦት እንኳ አልተሰጠኝም ብሎ በደጅ ቆመ፤ የአባቱ ገንዘብ ሁሉ ግን የእርሱ ነበረ፤ አባቱም ራሱ ወጥቶ ለመነው። ያ አኩርፎ በደጅ የቆመው ሰው ከአገዳው ክምር ላለመውጣት እንደ ጨከነው ልጅ ነው። መረሳቱ እውነት ቢሆንም፥ ፍለጋውን የሚጠብቅበት ኵራት ግን የራሱ ነው። ስለዚህ አንተ ልጅ ሆይ፤ እኔስ ልግባ ብለህ አንድ ጊዜ ጠይቅ፤ ባይሰሙህ ሁለተኛ ጠይቅ። ሁለት ጊዜ ጠይቀህ ባይቀበሉህ፥ ኳሳቸውን ወደ ጕድጓድ አትጣል፤ ዘወር ብለህ እንደ አንተ ዳር የቆመውን ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሌላ ይኖራልና። አጋርም በምድረ በዳ ብቻዋን ሳለች፥ የሚያያት አምላክ እንዳለ ያወቀችው በዚያው በምንጩ አጠገብ ነው (ዘፍ. 16፥13)። ወዲያውም ተነሥታ ሄደች፤ በምንጩ አጠገብ ተቀምጣ አልቀረችም።

ለአስተማሪዎች ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ ይበቃል። በየቀኑ በሚደረገው እደላ መበለቶች በተረሱ ጊዜ፥ ሐዋርያት አልሰማንም አላሉም፤ ታገሡ ብለውም አላለፉም፤ አስበን አይደለም የሚል ምክንያትም አላቀረቡም። ሰባት ሰዎች ሾሙ። መርሳት በኀዘን ብቻ አይድንም፤ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ጨዋታ ባለ ጊዜ ሁለት አለቆች አንድ በአንድ እየመረጡ ቡድን እንዲያወጡ አትተዉ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚመረጠው ያው አንዱ ልጅ ነውና። ዕጣ አውጡ፤ ወይም ዛሬ መጨረሻ የተመረጠው በሚመጣው ሰንበት አለቃ ይሁን።

ያ አባት ነገሩን የሰማው ከብዙ ሳምንት በኋላ፥ ከልጁ እናት ነው። በማግሥቱ ልጁን ጠርቶ ስለ መታው ይቅርታ ጠየቀው፤ ይህን ሲነግረን ጥቂት ዐፈረ፤ በአገራችን አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አልተለመደምና። ልጁም ምንም አልመለሰም ይላል። በዚያ ምሽት ግን ወደ ጨዋታው ወጣ፤ ከመጀመሩም በፊት አንድ ሥርዓት እንዲወጣ ልጆቹን ጠየቀ። የሚሸሸግ ሁሉ ወደ ስፍራው ከመሄዱ በፊት አንድ ጠጠር ከፈላጊው አጠገብ ያስቀምጣል፤ በተገኘም ጊዜ ጠጠሩን ያነሣል። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ግን ወደዱት፤ ማን እንደ ቀረ በመቍጠር ይታወቃልና። አባቱ እንደ ነገረን በዚያ ደጅ እስከ ዛሬ እንዲሁ ይጫወታሉ፤ ላም ብታመልጥም፥ እናቶች ቢጣሩም፥ አንድ ጠጠር መሬት ላይ ካለ ፈላጊው አይሄድም።