ድልድይ ከመሥራታችን በፊት ወንዙን እንወቅ

በበጋ የምናየው ወንዝና በነሐሴ የምናየው ወንዝ አንድ አይደለም። በበጋ ልጆች በእግራቸው ይሻገሩታል። በክረምት ግን ከብትም ሰውም ይወስዳል። ድልድይ የሚሠራ ሰው ማሰብ ያለበት ስለ ክረምቱ ወንዝ ነው።

በሞጣ አቅራቢያ፣ ጎጃምንና ጎንደርን በሚለየው ዓባይ ላይ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶ ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ሰዉም «ሰባራ ድልድይ» አለው። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው በገመድ እየታሰረ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጠገነ። ታዲያ ምን ሆነ? በ2005 ከባድ ጎርፍ መጣና ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው። ስለዚህ በ2009 ከበፊቱ ከፍ ያለ፣ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ለውኃ መንገዱን መተው አለብን።

ትልልቅ ድልድዮችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። በሁለቱ ትልልቅ ምሰሶዎች መካከል 145 ሜትር ክፍት ቦታ አለ። ጎርፉ ግንድ ተሸክሞ ቢመጣ እንኳ ማለፊያ ያገኛል። ምሰሶ ከበዛ ግን ግንዱ ይያዛል፤ ውኃው ይታገታል፤ የምሰሶውን ሥር ይቦረቡራል። ብዙ ድልድይ የሚወድቀው ሸክም ከብዶት ሳይሆን መሠረቱ ተሸርሽሮ ነው።

በሥራው ጊዜ ደግሞ አካባቢው መጠበቅ አለበት። የተቆፈረው አፈር ወደ ወንዝ አይጣል። የተቃጠለ ዘይትና የሲሚንቶ እጣቢ ወደ ውኃ አይፍሰስ፤ ከታች ሰውና ከብት ይጠጡታል። ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ይሞላ፤ አስቀድሞ የተነሣው ለም አፈር ይመለስበት፤ ዛፍም ይተከልበት። ጉድጓዱ ክፍት ከቀረ ውኃ ያቁርና የወባ ትንኝ ይራባበታል።

እኛስ ምን እናድርግ? ዳገቱ ከተራቆተ ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ ወዲያው ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጎርፉም ይበረታል። እርከን ስንሠራና ዛፍ ስንተክል እርሻችንንም ድልድያችንንም እንጠብቃለን።

ሌላም ነገር አለ። መሐንዲስ ሲመጣ ሽማግሌዎችን፣ «ትልቁ ጎርፍ የት ድረስ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው ከሌሉ ማን ይነግረዋል? አሁን መጻፍ እንችላለን። ጎርፉ የደረሰበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት እናድርግ፤ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን በደብተር እንጻፍ። ያቺ አንዲት መስመር ነገ ድልድዩ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ትናገራለች።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የሰባራ ድልድይ ጥገና ለምን ፈረሰ?
2. በአካባቢያችሁ ትልቁ ጎርፍ በስንት ዓመተ ምሕረት መጣ? የትስ ደረሰ?