ሞተር ሳይክል ሲዘገይ ለምን ይወድቃል?
በዝግታ የመንዳት ጥበብና ፊዚክሱ

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ በቧሂት ተራራ አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ዳገታማና ጠመዝማዛ የጠጠር መንገድ ላይ የክትባት ሣጥን ከኋላው ጭኖ በሞተር ሳይክል ለሚጓዝ የጤና ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ችሎታ በፍጥነት መንዳት ሳይሆን ሳይወድቁ በዝግታ መንዳት ነው።

ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ስማር ስለ ማዕዘናዊ እንቅስቃሴ ብዙ እኩልታዎችን ፈትቻለሁ። ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ግን የተዋስኩትን ሞተር ሳይክል በጠባብ ስፍራ ለማዞር ስሞክር፣ ከእግረኛ ሳልፈጥን ወደቅሁ። የተላጠው ጉልበቴ ቶሎ ዳነ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና በ5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለምን ይወድቃል?

ዱላና መዳፍ

አንባቢ ሆይ፣ ዱላ በመዳፍህ ላይ አቁመህ ታውቅ ይሆናል። ዱላው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እጅህን ወደ ቀኝ ትወስዳለህ፤ ማለትም ድጋፉን ከግዝፈት ማዕከሉ በታች ትመልሳለህ። ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው። ወደሚወድቅበት አቅጣጫ መሪው ሲታጠፍ ጎማዎቹ ተመልሰው ከግዝፈት ማዕከሉ በታች ይገባሉ።

ብዙዎች ሚዛኑን የሚጠብቀው የጎማዎቹ ሽክርክሪት ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሽክርክሪቱ ውጤት እንዲጣፋ ተደርጎ የተሠራ ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ ያለ ነጂ ራሱን ችሎ ሚዛኑን ሊጠብቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ዋናው ነገር መሪው ወደ ውድቀቱ መታጠፉ ነው። ይህ በራሱ የሚሆነው ግን በቂ ፍጥነት ሲኖር ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ሥራው የነጂው ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

መሪውን በማጠፍ የምናገኘው የጎን ሽምጠጣ በግምት እንዲህ ይሰላል፦ የፍጥነቱ ካሬ በመሪው ማዕዘን (በራዲያን) ተባዝቶ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል። ርቀቱን 1.3 ሜትር፣ የመሪውን ማዕዘን 10 ዲግሪ እናድርግ። በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሽምጠጣው 4.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ነው፤ ይህም የ23 ዲግሪ ዘንበልታን ይመክታል። በ5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግን 0.26 ብቻ ይሆናል፤ የሚመክተውም 1.5 ዲግሪ ያህል ነው። ፍጥነቱ በአራት ሲያንስ የመሪው ኃይል በአሥራ ስድስት ያንሳል ማለት ነው። ጀማሪው መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ የምናየው ለዚህ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። የነጂውና የሞተሩ የጋራ ግዝፈት ማዕከል ከመሬት 0.9 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ ያልታረመ ዘንበልታ በየ0.3 ሰከንዱ ወደ 2.7 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ እርማቱ ትንሽና ፈጣን መሆን አለበት።

ከዚህ የሚገኙ ትምህርቶች

አንደኛ፣ ፍሪሲዮንን በግማሽ መያዝ። ጋዙን በመጠኑ ከፍ አድርጎ ፍጥነቱን በፍሪሲዮንና በቀላሉ በተረገጠ የኋላ ፍሬን መቆጣጠር ይገባል። ይህ በተለይ በደጋው ይጠቅማል። በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ጋዙን ዝቅ አድርጎ ዳገት ላይ የሚዞር ሰው ሞተሩ ይጠፋበታል፤ ከሞተሩ ጋር ፍጥነቱም፣ ከፍጥነቱም ጋር ሚዛኑ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬን አለመያዝ። የቀረችውን ጥቂት ፍጥነት በአንድ ጊዜ ከመውሰዱም በላይ መሪውን ወደ ውስጥ ይጎትታል። እኔን የጣለኝ ይኸው ነበር።

ሦስተኛ፣ በጠባብ ዙር ሞተሩን ወደ ውስጥ አዘንብሎ ሰውነትን ወደ ውጭ ማድረግ። የመሪው ማዕዘን ሳይለወጥ ሞተሩ ይበልጥ ሲያዘነብል ዙሩ ይጠባል፤ ወደ ውጭ የተደገፈው ሰውነት ደግሞ የጋራውን ግዝፈት ማዕከል በቦታው ያቆየዋል።

አራተኛ፣ ዓይንን ከፊት ጎማ አንስቶ ወደ መውጫው መላክ። ዘንበልታን ገና ሲጀምር የምናውቀው ሩቅ ስናይ ነው።

አምስተኛ፣ ጭነትን ዝቅ አድርጎ አጥብቆ ማሰር። በቆመ ሞተር ላይ ከፍ ያለ ጭነት ሲያዘነብል በእግር ለመደገፍ የሚጠይቀው ኃይል ይበዛል።

ልምምድ

ገላጣና ደልዳላ ሜዳ ምረጡ፤ የራስ ቁር አድርጉ። 10 ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ በጠጠር ምልክት አድርጉ። እግር ሳያወርዱ ማለፍ ተለማመዱ፤ ጓደኛ በሰዓት ይለካ። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ዘግይቶ የደረሰው ነው። 10 ሰከንድ የፈጀ ሰው 3.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነድቷል። ቀጥሎ ሁለት ድንጋይ አስቀምጡና በዙሪያቸው የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ዙሩ።

በወረቀት ደግሞ ይህን ሥሩ፦ በ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 3 ሜትር ራዲየስ ባለው ዙር የሚያስፈልገው ዘንበልታ ስንት ዲግሪ ነው? 15 ያህል ካገኛችሁ ልክ ናችሁ። በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግን 46 ይሆናል። ጠጠር ላይ ያለው ሰበቃ ይህን አይችልም፤ ጎማው ይንሸራተታል። በጣም መዝገየትም በጣም መፍጠንም ይጥላል፤ የነጂው ሙያ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ማወቅ ነው። ከቧሂት ባሻገር ክትባቱን ለሚጠብቅ ሕፃን ይህች ዕውቀት ትንሽ አይደለችም።