ሞት፣ የኅሊና ወቀሳና መተማመን በአጭር ልብ ወለድ

አጭር ልብ ወለድ በክፍል ውስጥ ከተነበበ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ማን ሞተ? ማን ገደለ?» የሚል ነው። ተማሪው መልሱን ከገጹ ላይ ለቅሞ ይሰጣል፤ ትምህርቱም በዚያው ያበቃል። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አለ እንላለን። ይኸውም «ማን ማንን አመነ? መተማመኑስ የት ላይ ተሰበረ?» የሚለው ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1872 የታተመውን የሌቭ ቶልስቶይን «እግዚአብሔር እውነትን ያያል፤ ግን ይዘገያል» የተሰኘ ታሪክ ነው። ቶልስቶይ እንደ እኛው የመምህርነትን ሥራ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1859 በያስናያ ፖሊያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ አስተምሯል።

1ኛ/ መተማመን

አክሲዮኖቭ የቭላዲሚር ከተማ ወጣት ነጋዴ ነው። ለንግድ ሲጓዝ መንገድ ላይ ካገኘው ሌላ ነጋዴ ጋር በአንድ ማረፊያ ያድራል። ነጋዴው ተገድሎ ይገኛል፤ ደም የነካው ቢላዋም ከአክሲዮኖቭ ከረጢት ይወጣል። ታዲያ ሰውየውን ይበልጥ የሰበረው ምንድን ነው? እስራቱ ነው? አይደለም። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እስር ቤት ድረስ መጥታ፣ እውነቱን እንዲነግራት፣ ገዳዩ እሱ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። የጠየቀችው በክፋት አይደለም። እሱ ግን ከዚያ በኋላ አቤቱታ መጻፉን ተወ። የገዛ ቤቱ ካላመነው ማን ሊያምነው?

2ኛ/ የኅሊና ወቀሳ

አክሲዮኖቭ በሳይቤሪያ 26 ዓመት ከታሰረ በኋላ እውነተኛው ገዳይ ማካር ሴሚዮኒች በሌላ ክስ ወደዚያው ይመጣል። አክሲዮኖቭ ከአነጋገሩ ያውቀዋል፤ በቀልም ይመኛል። አንድ ሌሊት ማካር ለማምለጥ ጉድጓድ ሲቆፍር ያገኘዋል። ሹሙ በማግስቱ ሲጠይቀው ግን አልተናገረም። በአገራችን «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እዚህ ግን ወጊውም መርሳት አልቻለም። ጅራፍ ያላንበረከከውን ማካርን ዝምታው አንበረከከው፤ ሌሊት መጥቶ እያለቀሰ ጥፋቱን አመነ።

የኅሊና ወቀሳ ሰሚ ሲያጣስ? ለዚህ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1883 የጻፈውን የአንድ ጸሐፊ አሟሟት እንመልከት። ቼርቪያኮቭ የተባለው ጸሐፊ ቴአትር ቤት ሲያነጥስ ከፊቱ የተቀመጡትን ሹም ይረጫቸዋል። ሹሙ ግድ የለም ቢሉትም አላመናቸውም። ደጋግሞ ይቅርታ ሲጠይቅ በመጨረሻ ጮኸው አባረሩት፤ ቤቱ ገብቶ ሞተ። ጥፋቱ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ይቅርታውን ማመን አልቻለም።

3ኛ/ ሞት

ማካር ለባለሥልጣኖች እውነቱን ከተናገረ በኋላ የአክሲዮኖቭ መፈቻ ትእዛዝ መጣ። አክሲዮኖቭ ግን ሞቷል። ልብ እንበል! ሞቱ ቅጣት አይደለም። ከመሞቱ በፊት ከማካር ጋር አብሮ አልቅሶ ልቡ ቀሎት ነበር። በሰው ለሰው የሆነው ዕርቅ ደረሰ፤ የመዝገቡ ፍትሕ ግን ዘገየ። ሞት እዚህ የሚያሳየን ይህንን የጊዜ ልዩነት ነው።

ለእኛ ለመምህራንስ?

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት እስክርቢቶ ጠፋን ብለን የአንድ ልጅ ቦርሳ በጓደኞቹ ፊት ፈተሽን። እስክርቢቶው ከራሳችን ደብተር መሐል ተገኘ። ይቅርታ ስንጠይቀው «ግድ የለም ጋሼ» አለን። ከዚያ ወዲያ ግን በእኛ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ አያውቅም። የአክሲዮኖቭን ታሪክ ዳግመኛ ስናነብ የሚስቱ ጥያቄ በእኛ አፍ የወጣ ያህል ተሰማን። ስለሆነም ይህንን ታሪክ ስናስተምር ገዳዩን ፍለጋ ብቻ አንሩጥ። የማይታመን ልጅ ዝም እንደሚል አስቀድመን እንወቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ/ ሚስቱ ባትጠይቀው ኖሮ አክሲዮኖቭ አቤቱታውን ይቀጥል ነበር?
ለ/ አክሲዮኖቭ ማካርን ያላጋለጠው ለምን ይመስላችኋል?
ሐ/ በክፍላችሁ ዕቃ ቢጠፋ ማንንም ሳታሳፍሩ እንዴት ትፈልጋላችሁ?