ዶሮዋን ቁልቁል አታንጠልጥሏት

ለዶሮ አርቢ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የኤክስቴንሽን ምክር

በዓል ሲቃረብ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ሁሉ በዶሮ ይሞላል። አንዱ አምስት ስድስቱን እግር ለእግር አስሮ በዱላ ጫፍ ያንጠለጥላል። ሌላው ከሞተር ሳይክል መሪ ጋር ያስራል። ራቅ ካለ ቀበሌ የሚመጣው ደግሞ አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ፣ በጆንያና በጀሪካን መካከል አጋድሞ ይጭናቸዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስናየው የኖርነው ስለሆነ ጥፋት መስሎ አይታየንም። ጥፋት ግን ነው፤ በዶሮዋም ላይ፣ በባለቤቷም ላይ። አርቢው ያለ ብዙ ወጪ በገዛ እጁ ሊያስቀረው የሚችል ጥፋት በመሆኑም ይህን ምክር አዘጋጅተናል።

ዶሮ ሕመም ይሰማታል፤ ትፈራለች፤ ሙቀትና ጥማት ያሠቃያታል። ተዘቅዝቃ ስትያዝ መጀመሪያ ትንፈራገጣለች፣ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ቆይታም ጸጥ ትላለች። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተረጋጋች» ይላል። አልተረጋጋችም፤ ፈርታና አቅም አጥታ ነው። በሰውና በከብት ደረትና ሆድ መካከል ለትንፋሽ የሚያግዝ የጡንቻ ግድግዳ አለ። ዶሮ ይህ የላትም። ስለዚህ ቁልቁል ስትንጠለጠል ጉበቷም አንጀቷም፣ በውስጧ ያለው እንቁላል ሳይቀር፣ ወደ ደረቷ ወርዶ የምትተነፍስበትን ሳንባና የአየር ከረጢት ይጫናል። በዚያ ሁሉ መንገድ የምትታገለው ለትንፋሿ ነው።

እግሯ የታሰረበት ሲባጎ ደግሞ ቆዳዋን ይቆርጣል፣ ደሟ እንደ ልብ እንዳይዘዋወር ያግዳል። ስትንፈራገጥ ክንፏ ከመጋጠሚያው ይወልቃል፣ ጭኗ ይበልዛል። ዶሮ እንደ ሰው ስለማያልባት ሙቀቷን የምታበርደው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው፤ በፀሐይ በጋለ ፖርቶ መጋላ ላይ ያለ ውሃ የዋለች ዶሮ የሰውነቷን ውሃ በዚሁ ትጨርሳለች። ገበያ ስትደርስ ከስታለች፣ አንዳንዷም ሞታለች። ገዢ እንዴት እንደሚመርጥ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ቀይ ነው ወይስ ገብስማ ብሎ መልኩን ያያል፣ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ይገምታል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ ክንፉን ገልጦ ይመለከታል። ወራት የተደከመበት አውራ ዶሮ በግማሽ ቀን መንገድ ዋጋው ይወርዳል።

መፍትሔው ቅርጫት ነው። በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ የተሠራ፣ ሰፊ፣ ነፋስ የሚገባው፣ ከላይ በመረብ ወይም በክዳን የሚዘጋ ቅርጫት በየአካባቢው የሚሠራ ባለሙያ አለ። ውስጡ ጭድ ይነጠፍበት። ዶሮዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይወጣ መቀመጥ ከቻሉና አንገታቸውን ቀና ማድረግ ካልከለከላቸው ልኩ ይኸው ነው። አንድ ሁለት እንጨምር ብሎ ማጨቅ የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብትን መጣል ይሆናል፤ ሲታፈኑ ከታች ያሉት ናቸው የሚሞቱት። የሚዋጉ አውራዎች በአንድ ቅርጫት አይግቡ።

ዶሮዎቹን ለመያዝ በግቢው ውስጥ ልጆችን ማሯሯጥ አያስፈልግም። ሌሊት ወይም ጎሕ ሳይቀድ፣ ቆጥ ላይ እንዳሉ፣ በዝግታ ቀርባችሁ ሁለቱን ክንፎች ከአካሏ ጋር አጣብቃችሁ በሁለት እጅ ያዟት። በጨለማ ዶሮ አትሸሽም፣ አትንፈራገጥም። ደረቷን በመዳፍ ደግፋችሁ ከጎናችሁ ካስጠጋችኋት አንድ ሕፃን እንኳ ሊሸከማት ይችላል። መኪና ላይ ከተጫነች ቅርጫቱ ከፀሐይ ይከለል፤ ነገር ግን በላስቲክ አይሸፈን፣ ያፍናታል። ገበያ እንደደረሳችሁ ጥላ ፈልጋችሁ አስቀምጡ፣ በጣሳም ቢሆን ውሃ ስጡ።

ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀል። የፈንግል በሽታ ከቤት ወደ ቤት የሚገባበት ዋናው በር ገበያ ነው። ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩአትና ካልታመመች ቀላቅሏት።

አቃፊዋን ዶሮ በተመለከተ

ሁለተኛው ልማድ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ስለሆነ ብዙ አይታይም፤ ለእኛ ግን ከመጀመሪያው የሚከፋ ነው። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 የሚደርስ እንቁላል ከጣለች በኋላ መጣል አቁማ ማቀፍ ትፈልጋለች። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ስለሆነ ባለቤቷ ቶሎ ወደ መጣል እንድትመለስ ትጓጓለች፤ ከእንቁላሉ የሚገኘው ገንዘብ ለጨው፣ ለደብተር፣ ለወፍጮ የሚሆን ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። አደራረጉ ግን ጭካኔ አለበት። በብዙ አካባቢ ዶሮዋን ቁልቁል አስሮ ቀናት ማሰንበት፣ ላባ ነቅሎ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ማሳለፍ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር የተለመደ ነው።

ላባው የሚያልፍበት ሥጋ ስስና ሕመም የሚሰማው ነው። ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፣ ስትበላም ስትጠጣም ያውካታል። ተዘቅዝቃ የሰነበተች ዶሮ ደግሞ ሳትበላ ሳትጠጣ ስለምትቆይ ትከሳለች፤ የከሳች ዶሮ ዳግም እንቁላል ለመጀመር የበለጠ ጊዜ ይወስድባታል። በዚህ ዘዴ የተጎዳችው ዶሮዋ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ማቀፍን የሚያስተዋት ጨለማ፣ ሙቀትና ምቹ ጎጆ ማጣቷ ነው። ስለዚህ እንቁላሉን በየቀኑ ሰብስቡ፣ የተቀመጠችበትን ጎጆ ዝጉባት። ከዚያም ወለሉ በሽቦ ወይም ተራርቆ በተመታ እንጨት የተሠራ ትንሽ ሣጥን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ብርሃን ባለበት፣ ነፋሻና ጥላ በሆነ ቦታ አኑሩና እሷን አስገቡ። ጭድ አታንጥፉባት። ከሥሯ አየር ሲያልፍ ሆዷ ይቀዘቅዛል፣ የማቀፍ ስሜቷም ይለቃታል። ምግቧና ውሃዋ እንዳይጓደል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃል። ሣጥኑን ከአሮጌ አልጋ ርብራብና ከቁራጭ ሽቦ መሥራት ይቻላል።

ልትፈለፍል የታቀፈች ከሆነ ደግሞ 21 ቀን ሙሉ ጸጥታ ያስፈልጋታል። ሸለምጥማጥና ድመት የማይደርሱበት ቦታ ስጧት፤ ጥሬና ውሃ በቅርቧ ይሁንላት፣ ተነሥታ ርቃ እንዳትሄድ።

ማደሪያዋና ጫጩቶቿ

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የተሻሻሉ ዝርያዎች ቄብ ተረክቧል። ቁጥሩ ሲጨምር ማደሪያው ግን እንደነበረ የቀረባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። በወለል ላይ ለሚያድሩ እንቁላል ጣዮች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ይበቃል። እያንዳንዷ በቆጡ ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ስፍራ፣ ለ5 ዶሮ ደግሞ አንድ መጣያ ጎጆ ያስፈልጋል። ወለሉ ሰጋቱራ ወይም ገለባ ይልበስ፣ ሲረጥብ ይቀየር። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል ትመገባለች፤ የምትጠጣው ውሃ የዚህን እጥፍ ነው፣ በሙቀት ጊዜም ይጨምራል።

ተጨናንቀው ሲያድሩ መነቃቆር ይጀምራሉ፤ ላባ ይነጫሉ፣ ደም ካዩ ደግሞ አይተዉም። አንዳንድ አርቢ ይህን ለማስቆም ምንቃራቸውን በጋለ ቢላዋ ይቆርጣል። ምንቃር እንደ ጥፍር ጫፍ ደረቅ ነገር አይደለም፣ ነርቭ አለው። ቦታ አስፉላቸው፣ የመኖውን ፕሮቲንና ጨው አስተካክሉ፣ ጥቅል ጎመን ወይም አልፋልፋ አንጠልጥሉላቸው፤ እሱን እየነቆሩ ይዋሉ። በጥግ በኩል አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር ይኑር፤ ተንከባለው ሲታጠቡበት ቅማልና ቁንጫም ይቀንስላቸዋል።

ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ይፈልጋሉ። መለኪያ ባይኖር ጫጩቶቹን ማየት ነው፤ ተደራርበው ከተጠጋጉ በርዷቸዋል፣ ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ በዝቶባቸዋል፣ ተበታትነው ከበሉ ደህና ናቸው። ከሰል የምታነዱ ከሆነ ቤቱን ድርግም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ የከሰል ጋዝ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል።

ክትባትም የእንክብካቤ አካል ነው። ፈንግል የያዛት ዶሮ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ትንፋሿ ያጥራል፤ አንዴ ከገባ ማዳኛ የለውም፣ መከላከያ ግን አለው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል። አንዱ ዓይነት ሙቀትን ስለሚቋቋም በዓይን ጠብታ ለገጠር ዶሮዎች ይሰጣል። ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ማስከተብ ይሻላል፤ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ለአንድ ቤት ብቻ ከተከፈተ ቀሪው ይባክናል።

በእርድ ጊዜ

ከአንድ ቀን በፊት ማታ ጀምሮ ምግብ ይቅርባት፣ ውሃ ግን አትከልከል። ሌሎቹ ዶሮዎች በማያዩበት ቦታ ትታረድ። ክንፏንና እግሯን በጫማ ረግጦ ማረድ ይቅር፤ አንድ ሰው ክንፎቿን ሰብስቦ ይያዝ፣ ሌላው ይረድ። ቢላዋው ከአንድ ቀን በፊት ይሳል። ደነዝ ቢላዋ እየመላለሰ ሲገዘግዝ ሥቃዩን ያራዝማል፤ የሰላ ቢላዋ ከመንጋጋዋ ሥር በአንድ ስበት ሁለቱንም የደም ሥሮች ይቆርጣል። በእስልምና አስተምህሮም አራጁ ቢላዋውን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሠቃይ ታዟል፤ ክርስቲያኑም አማትቦ ሲያርድ በዚያው ጥንቃቄ ቢሆን መልካም ነው።

ታርዳ ወዲያው የፈላ ውሃ ውስጥ አትግባ። ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ትንፋሿ መቆሙን፣ ዓይኗን በጣት ስትነኩት አለመርገብገቡን አረጋግጡ። ሳትሞት ውሃ ውስጥ የገባች ዶሮ ሥቃይዋ ከዚህ ሁሉ ይብሳል።

የገበያ ቀን ዶሮ የምትገዙ ሁሉ፣ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚያቀርብላችሁን ነጋዴ ቀና አድርጎ እንዲይዝ ጠይቁት። የገበያ አስተባባሪዎች ለዶሮ ተራ ጥላና ውሃ አዘጋጁ። አርቢ ቤተሰቦች ደግሞ ለመጪው በዓል ቅርጫታችሁን ከአሁኑ አሠሩ፤ የክትባት ቀን መቼ እንደሆነ ለማወቅና አቃፊ ዶሮ የሚቆይበትን ሣጥን አሠራር ለማየት ወደ ቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱና ጠይቁ።